ኮርቻ ሰሪው ጋሽ ሻዎና የእህቴ ሳይክል

አይ! አልሰማም። ሳይክሉን ያበላሸው ጋሽ ሻዎ አይደለም አልኩ፣ አይደለም!

ማን ነው ያለው? ደሳለኝ ጎሚስታው ነዋ፣ ሌላ ማን ይላል! ትናንት የጋሽ ሻዎ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ የሟችን ንፍሮ እየቆረጠመ፣ «ነፍሱን ይማረውና ጋሽ ሻዎ የበቅሎ ሰው ነበር። ሳይክል ምን ያውቃል? የሀያትን ሳይክል አበላሸባት፣ ልጅቷ በዕድሏ ነው ያለፈችው» እያለ ለማያውቅ ሰው ሁሉ ያወራል። ሀያት ማለት የኔ እህት ናት። ሳይክሉ የሚያድረው እኛ ቤት ነበር። እኔ ደግሞ እዛው ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ! ለቅሶ ስለሆነ ዝም አልኩ። እኔ ዝም የምለው ሲያመኝ ብቻ ነው፣ ትናንት አመመኝ።

ዛሬ ግን ድንኳን ውስጥ አይደለሁም። ደግሞ እናንተም አታምኑም፣ ፊታችሁ ያስታውቃል። «ሳይክል ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሽማግሌ እንዴት አድርጎ ሳይክልን በሰው ልክ ያስተካክላል?» ትላላችሁ። ያስተካክላል! አስተካክሏል! ቁጭ በሉና ስሙ። ወይም ቁሙ፣ እሱም ቆሞ ነው የኖረው።

እኔ ነስሩ ነኝ። ሚዛን ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ያውቀኛል፣ በእግሩ የሚሄደውማ አቧራዬን ስለሚጠጣ ይበልጥ ያውቀኛል። ከትምህርት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፣ እሱም አልፈለገኝ እኔም አልፈለግኩት። ስለኔ ይብቃ። ስለኔ ከጀመርኩ ይመሻል።

ጋሽ ሻዎ የጌጫ ሰው ነው። እዛ ደጋው ላይ፣ ፈረስና በቅሎ ባለበት አገር፣ ዕድሜውን ሙሉ ኮርቻ ሲሰራ ኖረ። በኋላ የመኪና መንገዱ ተስተካከለ፣ ሞተር በዛ፣ ኮርቻ የሚያሰራ ጠፋ። ሚስቱ ስትሞትበት ጊዜ እቃውን በጆንያ አስሮ ወደ ሚዛን ወረደ። ከገበያው ጀርባ አንድ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ጫማ መስፋት፣ ቀበቶ መስራት ጀመረ። ሳይክል ውስጥ የገባው በአጋጣሚ ነው። አንድ የወባ መድኃኒት የሚረጭ ሰውዬ የሳይክሉ መቀመጫ ተቀዶበት በቆዳ እንዲያለብስለት አመጣ። ጋሽ ሻዎ ቆዳውን ከማልበሱ በፊት ሰውየውን «አረማመድህ ልክ አይደለም። በየት በኩል ነው የሚያምህ?» አለው። ሰውየው ዓመት ሙሉ ወገቡን ሲያመው ጠበል ሄዷል፣ መርፌ ተወግቷል፣ ማንም እንደዛ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ጉንጩን ሳመው። ከዛ በኋላ በሳይክል የሚሰቃይ ሁሉ፣ ፖስተኛ በሉት፣ ዳቦ አዳይ በሉት፣ ወደዛ ቆርቆሮ ቤት ሆነ።

አሰራሩን ልንገራችሁ። ሳይክል ይዘህ ስትሄድ ሳይክሉን አያይም። «ሱሪህን አምጣ» ነው የሚልህ። አዲሱን አይደለም፣ ሳይክል የምትነዳበትን፣ አሮጌውን፣ ያልታጠበውን። ገበያው መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሱሪህን ወደ ፀሐይ አንስቶ መቀመጫውን ያያል። የት ጋ እንደሳሳ፣ የት ጋ እንዳብለጨለጨ፣ ግራው ነው ቀኙ ቀድሞ ያለቀው፣ እያገላበጠ ያያል። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፦

«በቅሎ አፍ የላትም። ከኮርቻው ስር ያለው ጨርቅ ነው የሚናገርላት። ሰው አፍ አለው፣ ግን ይዋሻል። ሱሪው አይዋሽም» ይላል።

እውነቱን ነው። እኔ ራሴ «ስንት ሰዓት ሰርተህ መጣህ?» ስባል የምመልሰውንና ሱሪዬ የሚለውን አላህ ነው የሚያውቀው።

ከዛ ሳይክሉን ኋለኛ ጎማው መሬት እንዳይነካ ጉማጅ እንጨት ላይ ይሰቅልና ውጣ ይልሃል። እዛው ቆመህ ፔዳል ትመታለህ። ትመታለህ፣ የትም አትሄድም። ቲማቲም ሻጮቹ «ኧረ ፍጠን፣ ጅማ ሳይመሽብህ ድረስ!» እያሉ ይስቁብሃል። እሱ ይዞርሃል። ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፣ በኋላ በኩል አያልፍም! በሳይክል ጀርባ አልፎ አያውቅም። ሁልጊዜ በፊት ለፊት ዞሮ ነው የሚመጣው። አንዴ «ጋሽ፣ ይሄ እኮ አይራገጥም» አልኩት። «አንተ ምን ታውቃለህ፣ የእኔን ጥርስ ያወለቀችውም የማትራገጥ ነበረች» አለኝ፣ የፊት ጥርሱን ክፍት ቦታ እያሳየ።

ፍሬኑን ልጓም ነው የሚለው። «ልጓሙ ሩቅ ነው፣ እጅህ የሚደነዝዘው ለዛ ነው» ይላል። መሪውን ያቀርባል፣ መቀመጫውን ከፍ ያደርጋል፣ ጣት ያህል ወደ ኋላ ይገፋል፣ እንደገና ወደ ፊት ይመልሳል። «ውጣ! ውረድ! ውጣ! ምን ትጠብቃለህ ውረድ!» እረፍት የለም። ራሱም አይቀመጥም። ቆሞ ነው የሚሰራ፣ ቆሞ ነው የሚበላ፣ ሻይ እንኳ ብርጭቆዋን ይዞ እየተንጎራደደ ነው የሚጠጣ። ሰውን ሁሉ ሲያስቀምጥ የኖረ ሰው ራሱ ሲቀመጥ ያየ የለም። ሲጨርስ የመቀመጫውን ቆዳ በመዳፉ ጥፍ! ያደርገዋል፣ እንደ በቅሎ ዳሌ። ያኔ ሂድ ማለት ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሀያት።

ሀያት ከኔ ታናሽ ናት። የሆነ ጂን ያለባት ይመስል ልጅነቷን ሙሉ የጎረቤት ሳይክል እየቀማች ስትነዳ ነው ያደገችው። የዞኑ አሰልጣኝ አየና ቡድን ውስጥ አስገባት፣ ሳይክልም ሰጣት። ሳይክሉ ግን ከሷ በፊት አንድ ቀጭኔ የሚያክል ልጅ የነዳው ነው። እጇ እስኪደነዝዝ ተዘርግታ ነው መሪውን የምትይዘው፣ ስትወርድ እንደ አሮጊት ወገቧን ይዛ ነው። ቴፒ ላይ ውድድር መጣ ተባለ። ከሴቶቹ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ሐዋሳ ያለ ክለብ ይገባሉ፤ መኝታ፣ ምግብ፣ ደሞዝ፣ ሁሉም አለ። እማ ደግሞ ቁርጡን ነገረቻት።

«ካለፍሽ ሂጂ፣ አልከለክልም። ካላለፍሽ ግን ፓስፖርትሽ ይወጣል፣ ኩዌት አክስትሽ ጋ ነሽ። ሳይክል እየነዱ አይታረጅም።»

ሀያት ኩዌት መሄድ አትፈልግም። እንደውም ከዛ ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ትገላበጣለች፣ ቀን ደግሞ የጋለ ብረት እንደነካው ሰው አንድ ቦታ አትቆምም። እኔም ተጋባብኝ። ባጃጅ እየነዳሁ ጥሩምባ በከንቱ እነፋለሁ። በመጨረሻ እጇን ይዤ ጋሽ ሻዎ ጋ ወሰድኳት። አያት፣ ሳይክሉን በፊት በኩል ዞሮ አየ፣ የለመደውን አለ።

«ሱሪሽን አምጪ።»

ቲማቲም ሻጮቹ ሳቁ። ሀያት ፊቷ ቀላ። በማግስቱ ግን ሱሪ በፌስታል ጠቅልላ ላከች። እሱም በሱሪው አስተካከለላት። መቀመጫውን ሰፊ አደረገ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ አዘነበለ፣ በቃጫ ሞላ፣ የፍየል ቆዳ አለበሰ፣ ጥፍ! አደረገው።

እና ባሰባት! ወላሂ ባሰባት። የሙከራ ቀን ከአማን ወደ ሚዛን ዳገቱ ላይ፣ ሌሎቹ ልጆች እየወጡ፣ ሀያት መሀል ላይ ወረደች። ሳይክሉን እየገፋች፣ እንባዋ እየወረደ መጣች። በማን በር? በደሳለኝ ጎሚስታው በር! ደሳለኝ ካላማዳሪያውን ጥሎ ወጣ።

«የበቅሎ ኮርቻ ጭኖባት ነው! ድርቆሽ ስጧት!»

ሚዛን ሙሉ ሳቀ። ደሳለኝ እስካሁን የሚያወራው ይሄን ነው። እዚህ ጋ ያቆማል። የጎሚስታ ወሬ እንደ ጎማው ነው፣ ግማሹ ላይ ይተነፍሳል።

ጋሽ ሻዎ ሲሰማ አልተከራከረም። ሱሪውን ምስማር ላይ ሰቀለና ዙሪያውን መዞር ጀመረ። ደንበኛ ሲመጣ «ነገ» ይላል። ምሳ ያመጡለታል፣ ሳይነካ ይመልሳል። እኔ ሄጄ «ጋሽ፣ ተወው፣ አንዳንዴ ይሳሳታል» ብለው ጭራሽ ተቆጣ።

«እኔ እሳሳታለሁ። ሱሪ አይሳሳትም። አንድ ነገር አለ።»

ከዛ አንድ ጠዋት ባጃጅ ተራ ላይ ቆሜ ተሳፋሪ ሞልቼ ልነሳ ስል፣ ጋሽ ሻዎ ያንን ሱሪ በእጁ ይዞ እየገሰገሰ መጣ።

«ነስሩ፣ ውረድ።»

«ጋሽ፣ ሰው ጭኛለሁ እኮ።»

«ይጠብቃል። ውረድ አልኩ። ዙር!»

ዞርኩ። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ነው። ሱሪውን ዘረጋና ከኋላዬ ለጠፈብኝ። ባጃጅ ተራው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ይሄ ሱሪ ፔዳል መትቶ አያውቅም» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ፍርድ ቤት። «ይሄ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሱሪ ነው። ቀኝ ቀኙ ብቻ አልቋል፣ ወደ ቀኝ ተጋድሞ ነው የሚቀመጠው። ኋላ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሞባይል አለ፣ ይኸው ቅርጹ። አንተ ነህ!»

ለካስ ሀያት ከማስጫ ገመድ ላይ የኔን ሱሪ አንስታ ነው የላከችው! እኔ ደግሞ ሱሪዬ ጠፋ ብዬ ጎረቤት ስጠረጥር ነው የከረምኩት። እንግዲህ እህቴ ያንን ዳገት ልትወጣ የሞከረችው በኔ ቂጥ ልክ በተሰራ ኮርቻ ነው። አንዷ ተሳፋሪ ሴትዮ ከሳቋ ብዛት ከባጃጅ ወረደች። እስከዛሬ ባጃጅ ተራ ላይ «ሻምፒዮኑ መቀመጫ» ነው የምባለው። አልከፋኝም። ስንት ሰው ነው መቀመጫው ለውድድር የታጨ?

ቤት ይዤው ሄድኩ። እማ ፊት ሀያት አመነች። አንገቷን ደፍታ ነው የተናገረችው፣ ግን አፍጥጣ የተናገረች ያህል ነው።

«እንዴት አድርጌ ልስጥ ጋሽ? የለበስኩትን ሱሪ፣ ያልታጠበ፣ ገበያ መሀል ወደ ፀሐይ አንስተው ሊያዩት? ከዚያ ኩዌት ይሻለኛል።»

እማ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ጋሽ ሻዎ በእጁ አስቆማት። ባርኔጣውን አወለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆም አየሁት፣ ማለቴ ሳይንጎራደድ ሲቆም።

«ልክ ናት» አለ። «ወንዶች ለምጄ ነው። ጌጫ ላይ ለሙሽራ ኮርቻ ስሰራ እንዲህ አላደርግም ነበር፣ ረስቼው ነው። የኔ ጥፋት ነው፣ ልጄ።»

ከዛ ለእማ ብቻ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ የሙሽራውን አሰራር ነገራት። እርጥብ የሸክላ ጭቃ ትሪ ላይ ይነጠፋል። ከላዩ የኮባ ቅጠል ይለብሳል፣ ልብስ እንዳያቆሽሽ። ልጅቷ ጓዳ ገብታ፣ በር ተዘግቶ፣ ትቀመጥበታለች፣ ትነሳለች። አጥንቷ ያረፈበት ሁለት ጉድጓድ ጭቃው ላይ ይቀራል። «እኔ ልጅቷን አላይም። ጭቃውን ላኩልኝ፣ በቃ።»

ጭቃውን ማን ይውሰድ? እኔ! እማ በነጠላ ሸፈነችውና ባጃጄ ላይ አስቀመጠችው። እንደዛን ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ጉድጓድ ባለበት ሁሉ ቆሜ እገፋለሁ። ደሳለኝ በር ላይ ስደርስ፦

«ነስሩ፣ ምን ይዘህ ነው እንቁላል የምታቅፍ የመሰልከው?»

«ገንፎ ነው።»

«ማን ወለደ?»

«አልተወለደም፣ ገና እየተማጠ ነው» ብዬው አለፍኩ።

ጋሽ ሻዎ ጭቃውን ሲያይ ፊቱ በራ። በጣቱ ከጉድጓድ ጉድጓድ ለካ፣ ቀድሞ የሰራውን ቆዳ በቢላ ቀዶ ጣለ። «ሰፊ አድርጌ ሰራሁላት፣ ይህች ልጅ ጠባብ ናት። ወንድሟ ነው እንጂ ጎተራ።» እኔ እዛው ቆሜ! ውድድሩ ደርሷል፣ እሱ ይቀዳል፣ ይሰፋል፣ ያዘነብላል፣ ያቀናል። ከአንድ አሮጌ ሳይክል አጭር የመሪ አንገት ፈትቶ መሪውን አቀረበላት።

የመጨረሻውን ልኬት ገበያ ላይ አላደረገም። እኛ ግቢ መጣ፣ ሳይክሉን ጉማጅ ላይ ሰቀለ፣ ሀያት ስትወጣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ አጥሩ ዞረ። እማን እንደ መነጽር ተጠቀመባት!

«ጉልበቷ ወዴት ይሄዳል?» ይላል አጥሩን እያየ።

«ወደ ውጪ ትንሽ» ትላለች እማ።

«ውረጂ በያት። አሁን ውጪ በያት። ክርኗስ ታጠፈ?»

«ታጥፏል።»

«ትከሻዋ ጆሮዋ ጋ ደርሷል?»

«ደርሷል መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበይ፣ እዪ!»

እማ ተናደደች፣ ግን አየች። እሱ ደግሞ አጥሩን ይዞ የካቴናውን ድምጽ ይሰማል። አንዱ እግር ጠንክሮ ሌላው ሲለግም ድምጹ ይቆራረጣል፤ ራሴም ጆሮዬን ስጥል ሰማሁት። ውጪ፣ ውረጂ፣ ውጪ፣ ውረጂ። ድንገት ካቴናው አንድ ወጥ ሆነ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚለው። ጋሽ ሻዎ ዞር ሳይል እጁን አነሳ። «እዚህ ጋ ተዉት። ማንም እንዳይነካው። ነስሩ፣ በተለይ አንተ።»

ቴፒ የሄድነው በአይሱዙ፣ ከጆንያ ጋር ነው። ጋሽ ሻዎ እስከ ቴፒ ቆሞ ሄደ። ሀያት ጥፍሯን ትበላለች። እማ ፌስታል ውስጥ የሀያትን ፎቶግራፎች ይዛለች። የፓስፖርት ፎቶ! ካላለፈች እዛው ወደ ኩዌት ለሚልከው ደላላ ልትሰጥ ነው።

ውድድሩ ከከተማው እስከ ቡና እርሻው በር ደርሶ እየተመለሰ በዙር ነው። አስፋልት የለም፣ ቀይ አፈር ነው፣ ጠዋት ካፊያ መትቶት ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሀያት ከኋላ ናት። ከጋሽ ሻዎ ጋር በመንገዱ ዳር እየተሯሯጥን ነው፣ እኔ ሰው እየገፋሁ፣ እሱ እየተንጎራደደ።

«ጋሽ፣ ስንተኛ ናት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አትነቃነቅም። ደህና ተቀምጣለች።»

በሁለተኛው ዙር ሌሎቹ ልጆች መቀመጫቸው ላይ መገላበጥ ጀመሩ፣ አንዷ ተነስታ ትቆማለች፣ አንዷ እጇን ታራግፋለች። ሀያት ያው ናት። አንድ ሁለቱን አለፈች። አንዲት የማሻ ልጅና አንዲት የቴፒ ልጅ ከፊት ርቀዋል። ሀያት አራተኛ ናት። አራተኛ ማለት ኩዌት ማለት ነው። እማ ፌስታሉን ደረቷ ላይ ጨምቃ አይኗን ጨፍናለች።

መጨረሻው ላይ ሦስተኛዋን ልጅ አንዲት ዳገት ላይ ደረሰችባት። ጎን ለጎን ሆኑ። ያቺ ልጅ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ሀያት አልተነሳችም፣ እዛው እንደተቀመጠች ፔዳሉን ትመታለች፣ ትመታለች፣ መስመሩ ላይ በፊት ጎማ ቀደመቻት። በፊት ጎማ ብቻ! ሦስተኛ!

ልጆቹ መስመሩን እንዳለፉ ሳር ላይ ተዘረሩ። ውሃ የሚያፈስባቸው አለ፣ እግር የሚያሽላቸው አለ። ሀያት ግን አልቆመችም። መስመሩን አለፈች፣ ሰውን አለፈች፣ እንደገና ወደ ቡና እርሻው መንገድ ያዘች። አሰልጣኙ «አልቋል! አልቋል!» እያለ ጮኸ። እኔ ተከትዬ ሮጥኩ፣ ጫማዬ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

«ሀያት! አልቋል እኮ! አልፈሻል! ውረጂ!»

ዞር ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ቀይ አፈር ብቻ ነው፣ ጥርሷ ነው የሚታየው።

«አላመመኝም ነስሬ! ምንም አላመመኝም!»

እና ሄደች! ትታኝ ሄደች። የቡና ለቃሚ ሴቶች መንገድ ዳር ቆመው ያጨበጭቡላታል፣ እሷ ማንም ሳይቀድማት ማንንም ሳትቀድም ብቻዋን ትነዳለች። ተመልሼ ስመጣ እማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፎቶዎቹን እያየች ታለቅሳለች፣ ትስቃለች። ጋሽ ሻዎን «ጥራት እንጂ፣ ትምጣ» ብለው «ተዋት፣ አሁን ገና መንዳቷ ነው» አለኝና መንገዱን ያይ ጀመር።

ይኸው ነው። ዕድል ነው የምትሉ ካላችሁ ቴፒ ሂዱ። መንገዱን የያዙትን ጠይቁ፣ ሰዓት የያዙትን ጠይቁ፣ የቡና እርሻው ዘበኛ በር ከፍቶ ነው ያያት፣ እሱን ጠይቁ። እማን ጠይቁ፣ ካልፈራችኋት። ደሳለኝም እዛ ነበር፣ ጎማ ሊያስተካክል ተቀጥሮ መጥቶ፤ ሀያት ስታልፍ ፖምፓውን ጥሎ ሲዘል እኔ በአይኔ አይቻለሁ። ሂዱና አይን አይኑን እያያችሁ ጠይቁት፣ ዘልሏል አልዘለለም!